ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ያለው የአቶ ገብረወልድ ግቢ የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ልጃቸው አልማዜ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። ማን እንደሚያንኳኳም ታውቃለች፤ ትናንት ተደውሎ ተነግሯታል። ነገር ግን ያልፈለጉትን እንግዳ በደጅ ለማቆየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለምና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ማነው?» አለች።

«ሶፊ ነኝ፣ እትዬ አልማዜ። ከስልኩ ሙከራ።»

«ስልኩ እስከ ዛሬ በአየር ነበር የሚመጣው፤ አሁን ደግሞ በእግሩ መምጣት ጀመረ?»

መቀርቀሪያውን ሳበችው። ከደጅ የቆመችው ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ናት፤ አንገቷ ላይ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፣ ታብሌቷን እንደ ተማሪ ደብተር በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች። ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ስትደርስ በአክብሮት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«አታውልቂው» አለቻት አልማዜ፤ «ብዙ አትቆዪም።»

ነገሩ የጀመረው መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ነው። አንድ አዲስ ድርጅት ከአካባቢው የደም ግፊት ያለባቸውን ሃምሳ ሁለት አረጋውያን መርጦ ለሙከራ መዘገበ። ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ ልክ በአንድ ሰዓት፣ በሴት ድምፅ የሚናገር ማሽን ለአረጋውያኑ ይደውላል፤ መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ በአማርኛ ይጠይቃል፤ የሰማውን መልስ መዝግቦ ወዲያውኑ ለጤና ጣቢያውና ለቅርብ ተጠሪ በጽሑፍ ይልካል። በምዝገባው ቀን አባቱን በመኪና ያደረሰው የአልማዜ ታላቅ ወንድም ኤልናታን ነበር። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሰፈረው የእሱ ስልክ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኤልናታን አየር ጤና ባለው ጋራዡ ሆኖ ጧት ጧት አንድ ዓይነት መርዶ ይቀበላል፦ «አባትዎ አቶ ገብረወልድ ዛሬ መድኃኒታቸውን አልወሰዱም።» በመጀመሪያው ሳምንት እየደወለ ጠየቃት። በሁለተኛው ሳምንት መጠየቁን ትቶ ይቆጣት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ቁጣውንም ትቶ ለዘመድ አወራ፤ ከዘመድ ጆሮ ወደ እድር ድንኳን ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው። አርባ ጧት፣ አርባ መልእክት። ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን አቶ ገብረወልድ ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊታቸው ክፉኛ መውረዱን ለካች፤ የማሽኑን መዝገብ ከፍታ አየች፤ ከዚያም አልማዜን በወረፈኛ ሁሉ ፊት «መድኃኒት እያቆራረጡ መስጠት ግፊቱን እንዲህ ነው ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፤ ለአባትዎ አያዝኑም?» አለቻት።

ኤልናታን ዐዋጁን ያወጣው የዚያን ዕለት ማታ ነው። «አርብ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ አባባን ወደ እኔ ቤት እወስዳለሁ» አለ።

የእሱ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰር የለውም። አቶ ገብረወልድ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከቦንጋ ማር እያመጡ በኮልፌ ገበያ አርባ ዓመት የነገዱባቸው እግሮች ዛሬ ሦስት ደረጃ አያስወጧቸውም። አራተኛ ፎቅ የወጣ ሽማግሌ የሚወርደው በቃሬዛ እንደሆነ አልማዜን አልጠፋትም። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ግን ክሱ ሐሰት መሆኑ ነው። ክኒኑን በየማለዳው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በለብ ያለ ውኃ በገዛ እጇ ታስውጣቸዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ማዞሪያው ላይ ለታክሲ ሾፌሮች ዳቦና ሻይ የምትሸጥበትን ሱቋን ለመክፈት የምትሮጠው። ማሽኑ ሲደውል እሷ በወረፋ ተከባ ሻይ ትቀዳለች። አባቷን «ምን ብለው ነው የሚመልሱላት?» ብላ ብትጠይቃቸው «ወስጃለሁ እላታለሁ» አሏት። አባቷ አይዋሹም። እንግዲህ የሚዋሸው ማነው?

ዛሬ ሱቋን ያልከፈተችው ለዚህ ነው። የመጣችው ልጅ፣ ማሽኑ ለሰዎች መጥቀም አለመጥቀሙን በዓይኗ አይታ የምትመሰክር ገምጋሚ ናት ተብሏል። ምስክር ደግሞ አልማዜን ከዳቦ ይልቅ ቸግሯታል።

አቶ ገብረወልድ ግን እንግዳዋን ያስተናገዱት እንደ ሠርግ ታዳሚ ነው። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እንድትቀመጥ ለምነው፣ ስለ ቤተሰቧ ጤና ሦስት ጊዜ ጠይቀው ሲያበቁ፣ ሶፊ ታብሌቷን ከፈተች።

«አባባ፣ ከጥሪው በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ይህ አገልግሎት ከአንድ እስከ አምስት ባለው ነጥብ ምን ያህል ጠቅሞዎታል?»

«አምስት ነው ትልቁ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው አምስት ስጫት። በማለዳ ተነሥታ ስለ ጤናዬ የምትጠይቅን ሴት ማን አራት ይሰጣታል?»

«አባባ፣ ሴት አይደለችም» አለች አልማዜ። «ማሽን ናት።»

«ብትሆንስ? አንቱ ብላ ነው የምታናግረኝ። ያሳደጋት ሰው አለ።»

ሶፊ ፈገግ ብላ አምስትን ነካች። አልማዜ ከላይዋ ቆማ ስክሪኑን አየችው።

«መውደቅ ስንተኛው ቁጥር ላይ ነው?»

«ምን አሉኝ፣ እትዬ?»

«አባቴ እዚያ ጓሮ በግንባራቸው ሲደፉ፣ ስንተኛው ቁጥር ላይ ነው የምትጽፉት? አንድ ላይ ነው ወይስ ከአንድ በታች ሌላ ቤት አላችሁ?»

ልጅቱ ጉንጯ ቀላ። ስለ መውደቃቸው ያወቀችው ከመዝገቡ እንደሆነ፣ በጣም እንዳዘነች፣ ለዚህም ስትል ራሷ ለመምጣት እንደጠየቀች ተናገረች። ቀጥላ የምልከታውን ደንብ አስረዳች። ጥሪው ሲመጣ ሁለቱም እንደሌሉ ይሆናሉ፤ አይናገሩም፤ ምንም ነገር ቢፈጠር አቶ ገብረወልድን አይረዷቸውም። ሰውየው በሌላው ቀን ብቻቸውን የሚያደርጉትን ዛሬም ማድረግ አለባቸው።

«እንደሌለሁ መሆን አይከብደኝም» አለች አልማዜ። «ወንድሜ ሲያወራ የከረመው ይህንኑ ነው።»

ልክ በአንድ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። አቶ ገብረወልድ ቆባቸውን አወለቁ። ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በአረንጓዴው ምልክት ላይ ጣታቸውን በጥንቃቄ ጎተቱ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከጎኑ፣ የሙከራው መመሪያ «መድኃኒቱ ከስልኩ አጠገብ ይቀመጥ» ስለሚል፣ የክኒኑ ካርቶንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀምጠዋል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ገብረወልድ» አለ ጥርት ያለው የሴት ድምፅ። «የዛሬውን መድኃኒትዎን ወስደዋል?»

አቶ ገብረወልድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከወገባቸው ሰበር ብለው፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፦ «እ!»

አጭር፣ ትሑት፣ ከከንፈር ወደ ጉሮሮ የምትገባ ድምፅ ናት። በዚህ ሰፈር ባለሱቅ «ስኳር ነው?» ሲል፣ ቄስ «ጾማችኋል?» ሲሉ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ «ደህና አደራችሁ?» ሲል መልሷ ይህችው ናት። ከአዎም ትበልጣለች፤ አዎ ደረቅ ናት፣ ይህች ግን አክብሮት አላት።

«መልስዎ አልተሰማም» አለ ማሽኑ። «የዛሬውን መድኃኒትዎን ወስደዋል?»

«እ!» አሉ አቶ ገብረወልድ፣ አንገታቸውን ጭምር ነቅንቀው።

«መልስዎ አልተሰማም። የዛሬውን መድኃኒትዎን ወስደዋል?»

ሽማግሌው የሰሚዋ ጆሮ መድከሙ አሳዝኗቸው፣ እስከ ትከሻቸው ድረስ አየር ስበው፣ የመጨረሻ ኃይላቸውን ሰጧት፦ «እ!»

«መድኃኒትዎን አለመውሰድዎ ተመዝግቧል። ለጤናዎ ሲባል እባክዎ አሁኑኑ ይውሰዱ። መልካም ቀን።»

መስመሩ ተዘጋ። አቶ ገብረወልድም ቆባቸውን መልሰው ደፍተው፣ ከካርቶኑ ውስጥ ብርማውን የክኒን ወረቀት አወጡ፤ በአውራ ጣታቸው ተጭነው አንድ ክኒን መዳፋቸው ላይ ጣሉ፤ ብርጭቆውን አነሡ።

አልማዜ ለቅጽበት ያየችውን አላመነችም። ግማሽ ሰዓት እንኳ በቅጡ ያላለፈው የዛሬው ክኒን ገና ከጉሮሯቸው መውረዱ ነው። ዘላ ተነሣች።

«እባክዎ አይንኳቸው!» አለች ሶፊ፣ እጇን ዘርግታ። «ምልከታው ይበላሻል!»

አልማዜ የአባቷን መዳፍ መታችው። ክኒኑ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ። ውኃው ሶፊ ጉልበት ላይ ፈሰሰ።

«አባባ፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርጉት? ስትደውል ሌላ ይጨምራሉ?»

«እ!» አሉ አቶ ገብረወልድ፣ ግራ ተጋብተው። «ሐኪሟ እያዘዘችኝ እምቢ ልበላት? አንቺ የማለዳውን ትሰጪኛለሽ፤ እሷ የአንድ ሰዓቱን ታዛለች።»

አርባ ጧት። ወር ሊያደርስ የሚገባው ካርቶን በአጋማሹ ሲያልቅባት የመድኃኒት ቤቱን ልጅ ሌባ ብላ የሰደበችው ትዝ አላት። የሚያዞራቸው፣ የሚያንገዳግዳቸው፣ በመጨረሻም በግንባራቸው የደፋቸው በሽታው አልነበረም፤ የጎደለ መድኃኒትም አልነበረም። ቀስ ብላ ወደ ሶፊ ዞረች። ልጅቱ ጉልበቷ ላይ የፈሰሰውን ውኃ አልጠረገችም፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ለምንድን ነው የማትሰማው?»

«ሙከራው ሳይጀመር የቀዳነው ድምፅ ጫጫታ የበዛበት ነበር» አለች ሶፊ፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «የታክሲ ረዳት ይጣራል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ሰዎቹ ያስላሉ፣ ያለከልካሉ። ማሽኑ እየተምታታበት ነበር። ስለዚህ ትንፋሽ እንዲጠፋ ተደረገ። ትንፋሽ ቃል አይደለም ተብሎ።»

«ማነው ‹ተብሎ›? ተብሎ የሚባል ሰው አላውቅም። አንቺ ነሽ ያስጠፋሽው?»

ሶፊ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም ሳታስበው፣ ከልጅነት እንደ ወረሰችው፣ አየር ወደ ውስጥ ሳበች፦ «እ!»

ሶፊ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኸው!» አሉ አቶ ገብረወልድ ደስ ብሏቸው። «እሷም ታውቅበታለች።»

አልማዜ አልሳቀችም። «የት ነው ያደግሽው?»

«ጦር ኃይሎች።»

«ጦር ኃይሎች አድገሽ፣ እናትሽን በዚህ እየመለስሽ ኖረሽ፣ ይህ ቃል መሆኑ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም፤ እትዬ። ለማሽኑ ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም።»

ይህ እውነት መሆኑ አልማዜን ይበልጥ አበገናት። ውሸት ቢሆን በውሸትነቱ ትደበድበው ነበር። «እንግዲያው አሁን ትዝ ይበልሽ» አለች። «ጻፊው። አባትዎ መድኃኒታቸውን ወስደዋል፣ የተሳሳተው ማሽኑ ነው ብለሽ ጻፊና ለወንድሜ ላኪለት። እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

«እጽፋለሁ» አለች ሶፊ። ጀርባዋን አቃናች። «ደግሞም የነገው ጥሪ መቆም አለበት። ሌሎች ሃምሳ አንድ ሰዎች አሉ። አለቃዬን ልንገረው።»

«በስፒከር።»

አለቃዋ ግሩም ይባላል፤ ድምፁ የወጣት ነው፤ ችኩልም ነው። «ሶፊዬ! ስንት ሰጡ?» አለ ሰላምታም ሳያስቀድም።

«አምስት። ግን ግሩም…»

«ጎበዝ! ይህ እኮ ሰባተኛው አምስት ነው! ሐሙስ ለለጋሾቹ የምናሳየው…»

«ግሩም፣ ስማኝ። ማሽኑ አዎን አይሰማም። ሰዎቹ ወደ ውስጥ ነው የሚሉት፤ እኛ ደግሞ አጥፍተነዋል። አባባ ወስደው ሳለ ‹ውሰዱ› እያልናቸው በቀን ሁለት ክኒን ሲወስዱ ከርመዋል። የወደቁትም ለዚህ ነው። የነገውን ጥሪ ማቆም አለብን።»

በመስመሩ ላይ በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፦ «አጠገብሽ ማን አለ?»

«ልጃቸው አለች።»

«ስፒከሩን አጥፊው።»

ሶፊ አልማዜን አየቻት፤ አጠፋችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። አልማዜ ከኋላዋ ሆና የምትሰማው «ግን…» እና «እሺ» ብቻ ነበር። መጀመሪያ ግኖቹ ይበዙ ነበር፤ እየቆየ እሺዎቹ በዙ። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሰው ፊት መስሏል።

«ምን አለሽ?»

«ውጤት ከቢሮ በፊት ለቤተሰብ አይነገርም አለኝ። ፈርሜያለሁ። ከተናገርሽ ነገ አትምጪ አለኝ።» «ሙከራው ቅዳሜ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ… አባባ ጮክ ብለው ‹አዎ› ማለት እንዲለማመዱ ይደረግ አለ። ተጠቃሚው ይሠልጥን ነው ያለው።»

«አባቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው» አለች አልማዜ። «ማሽናችሁ ስንት ዓመቷ ነው? ማን ነው ከማን የሚማረው?»

ደጅ መኪና ቆመ፤ የቆርቆሮው በር በእግር ተመታ። ኤልናታን ነው። ቅባት የነካውን የጋራዥ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ስልኩን ከፊቱ እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት ዘርግቶ ገባ።

«አርባ አንደኛው!» አለ። «‹ዛሬ መድኃኒታቸውን አልወሰዱም።› ሱቅሽን ዘግተሽ፣ ቤት ተቀምጠሽ እንኳ አልሰጠሻቸውም!»

«ሰጥቻቸዋለሁ፤ ኤልናታን። እንዲያውም ሁለት እየሆነባቸው ነው የወደቁት። ማሽኑ ‹እ› ሲሉት አይሰማም። አሁን በዓይኔ አየሁት።»

«ማሽኑ አይሰማም?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርስ ብቻ ነበር። «ለሃምሳ ሰው ይደውላል፤ ያንቺን ጥፋት ለማውጣት ብሎ ያንቺን አባት መርጦ ደነቆረ? ስንፍናሽን ማሽን ላይ ጫኚ እንጂ!»

«አባባን ጠይቃቸው!»

«አባባን ምን ልጠይቃቸው? ተርበዋል ወይ ብላቸው ‹እ!›፣ ጠግበዋል ወይ ብላቸው ‹እ!›። አንቺን ላለማስከፋት ሲሉ ሞተዋል ወይ ብላቸውም እንደዚያው ነው የሚሉኝ።»

«ልጆቼ፣ እኔ ደህና ነኝ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ሐኪሟ ናት ትንሽ ጆሮዋ…»

«አርብን አልጠብቅም» አለ ኤልናታን። «ዛሬ ይሄዳሉ። አሁን።»

ከመስቀያው ላይ የአባቱን ካፖርት አወረደ። ከዘራቸውን ከጥግ አነሣ። ሽማግሌው ከአንዱ ልጃቸው ወደ ሌላው እያዩ፣ ማንንም ማስቀየም ስለማይሆንላቸው፣ ካፖርቱ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው ሰጡ። አልማዜ በሩን በሰውነቷ ዘጋችው።

«ይህች ልጅ ማን መሰለችህ? ማሽኑን ከሠሩት ሰዎች አንዷ ናት። ልትገመግም ነው የመጣችው። እኔን አትመን፤ እሷን ጠይቃት።»

ኤልናታን ሶፊን ገና አሁን ያያት ይመስል ዞረ። መታወቂያዋን አነበበ፤ የድርጅቱን ስም በየጧቱ መልእክት ላይ የሚያየው ነውና ወዲያው አወቀው። ቁጣው ጥቂት ቀዝቀዝ አለ፤ ለወረቀትና ለማኅተም ሁልጊዜም አክብሮት ነበረው።

«እውነት ነው፣ እህቴ? ስህተቱ የእናንተ ነው?» አላት። «አንቺ አዎ ካልሽኝ እኔ ካፖርቱን መልሼ እሰቅለዋለሁ።»

ሶፊ ቆማ ነበር። ስልኳ እጇ ውስጥ ነዘረ፤ ስክሪኑ ላይ የግሩም ስም በራ። ወደ እሱ አየች፤ ወደ ሽማግሌው አየች፤ ወደ ጫማዋ አየች።

«ንገሪው» አለች አልማዜ።

ስልኩ መንዘሩን ቀጠለ። ኤልናታን ጥቂት ጠበቀና ራሱን ነቅንቆ የአባቱን ሁለተኛ እጅ ወደ ካፖርቱ እጅጌ ማስገባት ጀመረ። አልማዜ ከበሩ ለቀቀች። በልጅቱ ፊት መጥታ ቆመች፤ ከንጋት ጀምሮ ይዛው የቆየችው ንዴት ከድምፅዋ ጠፋ፤ በምትኩ የመጣው ለራሷም እንግዳ የሆነባት ነገር ነበር።

«እባክሽ፣ ልጄ» አለቻት። «የሰማሽውን ብቻ ንገሪው።»

ሶፊ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ገጠመችው። ኤልናታንም ከዘራቸውን አስይዞ አባቱን ወደ በሩ መራቸው።